54 ሙዚቀኞች ባቡር አንሳፈርም ብለው የመሰረቱት ኦርኬስትራ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ በርሊን በማህበራችን አዳራሽ ያወራሁትን ነው የጻፍኩት፣ ስራ ላይ ሆናችሁ ወይ ልጅ ታሞባችሁ ያልመጣችሁ ጻፍልን ስላላችሁኝ። እንዳወራሁት ነው ያስቀመጥኩት፣ አንዳንድ ቦታ ብቻ ጨምሬያለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

እንደምን አመሻችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞች እህቶች፣ ልጆችም ብዙ ናችሁ ዛሬ ደስ ይላል። በ200 ቁጥር አውቶብስ የሚሄድ ሰው ፖትስዳመር ፕላትዝ አጠገብ ያንን ወርቃማ ቢጫ ህንጻ ያውቀዋል፣ ጣራው እንደ ድንኳን ሽቅብ ወጣ ወረድ ያለውን። አውቶብሱ በሩ ላይ ነው የሚቆመው፣ ፊልሃርሞኒ ይላል ማስታወቂያው። ከመካከላችን 20 ዓመት ሙሉ በዛ በር ፊት እያለፈ ወደ ስራ የሄደ ሰው አለ፣ ምን እንደሆነ ግን ገብቶ አላየም፣ አይፈረድበትም ማንም ና ግባ ብሎ አልነገረውም። ዛሬ ውስጥ ያሉት ሰዎች፣ የበርሊን ፊልሃርሞኒ ኦርኬስትራ የሚባሉት፣ እነማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡና እንዴት እንደሚሰሩ ላውራችሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንግባባበት። አገር ቤት ኦርኬስትራ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ የክቡር ዘበኛ ነው፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ጊታር፣ ድራም፣ ከፊት ደግሞ ሸሚዝና ክራባት ያደረገ ድምፃዊ። ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሌላ ነው። ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ነው መድረክ ላይ የሚቀመጠው፣ ከግማሽ በላዩ ባለ ቀስት መሳሪያ ነው፣ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኮንትራባስ፣ ከኋላቸው የእንጨት ትንፋሽ መሳሪያዎች ፍሉት ኦቦ ክላርኔት ፋጎት፣ ከዛ ናሱ ሆርን ትራምፔት ትሮምቦን ቱባ፣ ከሁሉም ኋላ ቲምፓኒ የሚባለው ትልቁ ከበሮ። ማይክ የለም፣ ስፒከር የለም። ከ2,200 ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ በእንጨት፣ በናስና በትንፋሽ ብቻ ነው የሚሞሉት፣ አንዷ ፍሉት ብቻዋን በጣም ቀስ ብላ ስትነፋ ደግሞ መጨረሻው ወንበር ድረስ ትሰማለህ።

እኔ ለዚህ ጉዳይ የምቆረቆርበት ምክንያት አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ቫዮሊን ተምሬ ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ የስትሪንግ ቡድን ነበረን፣ 11 ሰው ነበርን። ገንዘብ የሚሰጠን አንድ ድርጅት ነበር፣ አዳራሹም መሳሪያውም የሱ ነው፣ አንድ ቀን በጀት የለም ተባለና በ3 ወር ውስጥ ተበተንን፣ ቫዮሊኖቹ መጋዘን ገቡ። ከኛ መሃል ማንም አይሆንም ሊል አልቻለም፣ ምክንያቱም ምንም የኛ አልነበረም። ኦርኬስትራ የማነው የሚለው ጥያቄ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም፣ የበርሊን ፊልሃርሞኒ ታሪክ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ይሄው ጥያቄ ነው።

በ1882 እዚህ ከተማ ቤንያሚን ቢልዜ የሚባል የባንድ ባለቤት ነበር። ባንዱ በስሙ ነው የሚጠራው፣ የቢልዜ ካፔላ። ኮንሰርቱ ላይ ህዝቡ ጠረጴዛ ከቦ ቢራ ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ሴቶቹ ሹራብ ይሰራሉ፣ ሙዚቃው ግን ጥሩ ነበር ሰዎቹም ጎበዞች ነበሩ። ክፍያው ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ቢልዜ ቆጣቢ ሰው ነው። በዛ ዓመት ባንዱን ዋርሶ ወስዶ ሊያጫውት አስቦ ሙዚቀኞቹን በአራተኛ ማዕረግ ባቡር ላሳፍራችሁ አላቸው። የዛን ጊዜ ባቡር አራት ማዕረግ ነበረው፣ አራተኛው የመጨረሻው ድሃ ከነጓዙ የሚታጨቅበት ፉርጎ ነው፣ ከዛ ፉርጎ ወርደህ ቫዮሊን አውጥተህ ቤትሆቨን ተጫወት ነው ነገሩ። 54ቱ አይሆንም አሉ። ቢልዜን ትተው ወጡና ራሳቸውን ችለው ማህበር መሰረቱ፣ ልደታቸውን የሚያከብሩት ሜይ 1 ቀን ነው። መጀመሪያ የያዙት ስም ራሱ ደስ ይለኛል፣ «የቀድሞው የቢልዜ ካፔላ» ነው ያሉት፣ ሰው እንዲያውቃቸው።

አሁን ይሄን ማህበር ስላችሁ እንደኛ እድር አድርጋችሁ አስቡት። ባለቤት የለውም፣ አባላቱ ናቸው ባለቤቶቹ። ሊቀመንበር የሚመርጡት እነሱ ናቸው፣ ማን ይግባ ማን አይግባ በድምፅ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ ትርፍ ቢመጣ ይካፈላሉ ኪሳራ ቢመጣም ይካፈላሉ፣ ኪሳራው ደግሞ በደንብ መጣ። አዳራሽ አልነበራቸውም፣ አሁን አንሃልተር ባንሆፍ ኤስባን ያለበት አካባቢ በርንቡርገር ሽትራሰ ላይ በሮለር ስኬቲንግ የሚንሸራተቱበት የነበረ ቤት ነው ተከራይተው አዳራሽ ያደረጉት። ለብዙ ዓመት በሐምሌ በነሐሴ ሆላንድ ሼቬኒንገን ባህር ዳርቻ ለእረፍት የመጣ ሰው ፊት እየተጫወቱ ነው የዓመቱን ቀዳዳ የሚሸፍኑት። ሄርማን ቮልፍ የሚባል የኮንሰርት ኤጀንት ባይደርስላቸው ኖሮ ይፈርሱ ነበር፣ ፕሮግራሙን፣ ቲኬቱን፣ ማስታወቂያውን እሱ ያዘላቸው፣ በ1887 ደግሞ ሃንስ ፎን ቢውሎቭን ኮንዳክተር፣ ፊታቸው ቆሞ በእጁ የሚመራቸው ሰው፣ አድርጎ አመጣላቸው።

ቢውሎቭ ኃይለኛ ሰው ነው። ከዚህ በፊት ማይኒንገን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚመራቸውን ሙዚቀኞች ቆመው፣ ኖታ ሳያዩ፣ በቃላቸው ያስጫውት የነበረ ነው። በርሊን ሲመጣ ልምምድ የሚባለውን ነገር አስተማራቸው ማለት ይቻላል፣ አንዷን ሐረግ ደጋግሞ ደጋግሞ። 5 ዓመት ነው የቆየው ግን ኦርኬስትራውን ኦርኬስትራ ያደረገው እሱ ነው። ከሱ በኋላ ከ1895 እስከ 1922 አርቱር ኒኪሽ፣ ይሄኛው ደግሞ ጸጥተኛ ነው በዓይኑ ነው የሚመራው ይባል ነበር። በ1913 ከነሱ ጋር የቤትሆቨንን 5ኛ ሲምፎኒ ሙሉውን በሸክላ ቀዳ፣ ሙሉ ሲምፎኒ ሲቀዳ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በማይክ መቅዳት ገና አልተጀመረም፣ ሙዚቀኞቹ አንድ ትልቅ የጡሩንባ አፍ የመሰለ ቀንድ ዙሪያ ተጠጋግተው ወደሱ ነው የሚጫወቱት። አሁንም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ ስሙት፣ ከጭረቱ ስር ሰዎቹ ሲተነፍሱ የሚሰሙ ይመስላችኋል፣ እኔ ስሰማው ሁልጊዜ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው አይመስለኝም።

ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ። በ1922 ኒኪሽ ሲሞት የተተካው ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ነው፣ 36 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያ የጀርመን ብር እንደ ወረቀት የሆነበት ጊዜ መጣ፣ ከዛም የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት። ኦርኬስትራው በዝና ጫፍ ላይ ነው በገንዘብ ግን ባዶ ነው። ናዚዎች በ1933 ስልጣን ሲይዙ ፊልሃርሞኒው እዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነው ያገኙት። ያ ማህበር በ1903 ወደ ኩባንያ ተቀይሮ ነበር፣ አክሲዮኑ በሙዚቀኞቹ እጅ ነው፣ እንግዲህ በ1934 መጀመሪያ ላይ አክሲዮኑ በሙሉ ለመንግስት ተላለፈ፣ ኦርኬስትራው በጎብልስ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ስር ገባ። ደመወዝ ተከበረ፣ እዳ ተከፈለ። አስቡት፣ አባቶቻቸው በአራተኛ ማዕረግ ባቡር አንሳፈርም ብለው ያቆሙትን ቤት፣ ልጆቹ በደህና ደመወዝ አስረከቡት።

ዋጋው ወዲያው ነው የታየው። በመካከላቸው አይሁድ ሙዚቀኞች ነበሩ። ሲሞን ጎልድበርግ ኮንሰርትማስተሩ፣ የመጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ፊት የሚቀመጠው ሰው፣ ገና ወጣት ነው፣ ከሱ ጋር ጊልበርት ባክ የሚባል ቫዮሊኒስት፣ ዮሴፍ ሹስተርና ኒኮላይ ግራውዳን የሚባሉ ቼሊስቶች። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ አራቱም አገር ለቀው ወጡ። ፉርትቬንግለር በ1933 ለጎብልስ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ጋዜጣ ላይ አውጥቶ ነበር፣ ጥበብ መለየት ያለበት በጥሩና በመጥፎ እንጂ በዘር አይደለም የሚል መንፈስ ያለው፣ በ1934 መጨረሻም ናዚዎች የጠሉትን ሂንደሚት የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ደግፎ ስራውን ለቀቀ፣ በ1935 ግን ተመልሶ መጣ፣ ከዛ በኋላ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ገደማ መራ፣ በ1942 ለሂትለር ልደት ዋዜማ የቤትሆቨንን 9ኛ መርቷል። ስለሱ ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል፣ ሰዎችን አድኗል የሚል አለ፣ ስሙን አከራይቷል የሚል አለ። እኔ ሁለቱም እውነት ነው ብዬ ነው የማምነው፣ አንዱ ግን ሌላውን አያጥበውም። ሙዚቀኞቹም ቢሆኑ ከግንባር ዘመቻ ነጻ ተደርገው ነበር፣ የሌላ ሰው ልጅ ምስራቅ ግንባር በረዶ ላይ ሲያልቅ እነሱ ልምምድ ላይ ነበሩ፣ ይሄንንም ሳንሸፋፍን ማወቅ አለብን። ያ የስኬቲንግ አዳራሽ የነበረው ቤታቸው በጃንዋሪ 1944 መጨረሻ ላይ በቦምብ ነደደ።

ቀጥሎ ያለውን ነገር ባወራሁት ቁጥር ድምፄ ይለወጣል፣ ቅዳሜም ተለውጦብኛል። ጀርመን እጅ የሰጠችው ሜይ 8 ቀን 1945 ነው። ከተማው ፍርስራሽ ነው፣ ውሃ የለም መብራት የለም፣ ሰው ለዳቦ ተሰልፏል። ከ18 ቀን በኋላ፣ ሜይ 26፣ የተረፉት ሙዚቀኞች ሽቴግሊትስ ባለው ቲታኒያ ፓላስት በሚባል ሲኒማ ቤት ኮንሰርት ተጫወቱ። ቲታኒያ አሁንም አለ፣ ሲኒማ ነው፣ ከናንተ መሃል ልጆቻችሁን እዛ የወሰዳችሁ ትኖራላችሁ። የመራቸው ሊዮ ቦርሃርድ የሚባል ሞስኮ የተወለደ ኮንዳክተር ነው፣ በናዚ ጊዜ አይሁዶችን የሚደብቅ ህቡዕ ቡድን ውስጥ የነበረ። የመጀመሪያው ሙዚቃ ምን መሰላችሁ፣ የሜንደልሶን። ሜንደልሶን ከአይሁድ ቤተሰብ ስለሆነ 12 ዓመት ሙሉ ታግዶ ነበር። ከዛ ሞዛርት፣ ከዛ ቻይኮቭስኪ፣ ቻይኮቭስኪ ደግሞ ከተማውን የያዙት የሩስያውያኑ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ንግግር ነበር ማለት ነው፣ ማንም መድረክ ላይ ወጥቶ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ቦርሃርድ ግን 3 ወር እንኳን ሳይቆይ ኦገስት 23 ማታ ከእራት ግብዣ ሲመለስ የተሳፈረባት መኪና ኬላ ላይ ሳትቆም ቀረችና የአሜሪካን ዘብ ተኩሶ ገደለው፣ በስህተት። ጦርነት አልፎ ሰላም ላይ ሞተ። በሱ ቦታ የገባው ሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ የሚባል ሮማንያዊ ነው፣ 33 ዓመቱ ነው፣ ልምድ የለውም ግን እሳት ነው፣ በነዛ የረሃብ ዓመታት ከ400 በላይ ኮንሰርት ከነሱ ጋር ሰርቷል። ፉርትቬንግለር የናዚ ጊዜ ጉዳዩ ተመርምሮ ሲለቀቅ ተመልሶ መራቸው፣ በ1954 ሞተ። ቼሊቢዳኬ ይተካዋል ተብሎ ሲጠበቅ ኦርኬስትራው ሄርበርት ፎን ካራያንን መረጠ። ቼሊቢዳኬ ሄደ፣ በቃ ሄደ፣ 38 ዓመት በነሱ ፊት አልቆመም። በ1992 ሽማግሌ ሆኖ፣ ቁጭ ብሎ እየመራ፣ የብሩክነርን 7ኛ ሲምፎኒ ሊመራላቸው አንድ ጊዜ ተመለሰ። ቂም እንደዚህ ሲፈታ ማየት ለኔ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ካራያን 34 ዓመት ነው የቆየው። በሸክላ፣ በካሴት፣ በሲዲ ዓለምን የሞላ እሱ ነው። አገር ቤት ፈረንጅ ሰፈር አባወራ ቤት ሸክላ ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን የዘረጋ ሽበታም ሰውዬ ሽፋኑ ላይ ካየ እሱ ነው የሚሆነው። አዲሱ አዳራሽ፣ አሁን የምናየው ድንኳን፣ በሱ ጊዜ ነው የተሰራው፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1963 ተከፈተ፣ የነደፈው ሃንስ ሻሮን ነው። ስለ አዳራሹ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ቤቱ ራሱ ሃሳብ ነው። ከዛ በፊት አዳራሽ ማለት ጫማ ሳጥን ነው፣ ከፊት መድረክ፣ ከታች ጌቶች፣ ከላይ ድሆች። ሻሮን መድረኩን መሃል አደረገው፣ ህዝቡን ዙሪያውን እንደ ወይን እርሻ እርከን በየደረጃው አስቀመጠው። እኛ አገር ድግስ ላይ አዝማሪ መሃል ቆሞ ሰው ዙሪያውን እንደሚከበው ማለት ነው፣ ሻሮንም ያሰበው ይሄንኑ ነው፣ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ክብ እንደሚሰራ አይቶ። በርሊንን ምስራቅና ምዕራብ ብሎ የከፈለው ግንብ ከተሰራ 2 ዓመቱ ነው፣ አዳራሹ ግንቡ አጠገብ ባዶ ሜዳ ላይ ነው የቆመው።

ከኦርኬስትራው ኋላ ያሉት መቀመጫዎች ርካሽ ናቸው፣ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚዎች፣ እኔ ሁልጊዜ እዛ ነው የምቀመጠው። ቲምፓኒው ከፊቴ ነው፣ ኮንዳክተሩን ደግሞ ሙዚቀኞቹ በሚያዩት በኩል ፊቱን አያለሁ። ልጆች ላላችሁ እዛ ውሰዷቸው።

ካራያን ግን ማህበሩን የረሳበት ጊዜ መጣ። በ1982 ዛቢነ ማየር የምትባል ወጣት ክላርኔት ተጫዋች ሊያስገባ ፈለገ፣ በጣም ጎበዝ ናት፣ ኋላም በዓለም ታወቀች። ኦርኬስትራው ድምፅ ሰጠ፣ 73 ለ4 አትግባ አሉ። ድምጿ ከኛ ጋር አይዋሃድም ነው ያሉት፣ ብዙ ሰው ግን ሴት ስለሆነች ነው ብሎ ያምናል፣ እኔም የዛን ጊዜ ኦርኬስትራው ሴት አልባ ሆኖ 100 ዓመት መኖሩን ሳይ ንጹህ ነበር ለማለት ይከብደኛል። የመጀመሪያዋ ሴት ማድለን ካሩዞ የምትባል ስዊስ ቫዮሊኒስት በዛው ዓመት ገና ገብታ ነበር። ካራያን ተቆጣ፣ ጉብኝቶችን ሰረዘ፣ እልህ ተያያዙ፣ በመጨረሻ ዛቢነ ራሷ ልተወው አለች። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ቅዳሜ ጠየቀኝ፣ ታዲያ ይሄ ነው ያንተ ዲሞክራሲ አለኝ። አዎ ይሄም ነው። እድርም ሲሳሳት ተሰብስቦ ነው የሚሳሳተው። ልዩነቱ ራሱ ተሰብስቦ ማስተካከል መቻሉ ነው፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ በ2023 ቪኔታ ሳሬይካ የምትባል ላትቪያዊት የመጀመሪያዋ ሴት ኮንሰርትማስተር ሆነች።

ካራያን በ1989 ለቀቀ፣ በዛው ዓመት ሞተ። በዛው መከር ግንቡ ፈረሰ፣ ኖቬምበር 9፣ ከ3 ቀን በኋላ ባረንቦይም በሚባል ኮንዳክተር መሪነት ለምስራቅ በርሊን ሰዎች በነጻ ተጫወቱላቸው፣ መታወቂያ አሳይቶ መግባት ነው፣ 28 ዓመት ግንብ ማዶ የነበሩ ሰዎች ገብተው ተቀመጡ። ካራያንን የተካው ግንቡ ከመፍረሱ ከወር በፊት የተመረጠው ክላውዲዮ አባዶ ነው፣ ከዛ በ2002 ሳይመን ራትል፣ አሁን ከ2019 ጀምሮ ኪሪል ፔትሬንኮ፣ ሳይቤሪያ ኦምስክ ተወልዶ በ18 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኦስትሪያ የተሰደደ ሰው ነው። እሱን ለመምረጥ በ2015 ሜይ ወር ዳህለም ያለች አንዲት ቤተክርስቲያን ውስጥ ተዘግተው ሙሉ ቀን ድምፅ ሲሰጡ ውለው አልተስማሙም፣ ከወር በኋላ እንደገና ተሰብስበው ነው የተስማሙት። ሚኒስትር አልሾመም፣ ከንቲባ አልሾመም።

ስራው ምን ይመስላል ላላችሁኝ። አንድ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀን ይለማመዱታል ከዛ 3 ምሽት ይጫወቱታል። ልምምድ ማለት ኖታ ማንበብ አይደለም፣ እሱን እያንዳንዱ ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ልምምድ ማለት መስማማት ነው። የመጀመሪያ ቫዮሊኖች 16 ከሆኑ የ16ቱም ቀስት አብሮ ወጥቶ አብሮ መውረድ አለበት፣ ቀስት ሲወርድና ሲወጣ ድምፁ አንድ አይደለማ። ኮንሰርትማስተሩ የት ይውረድ የት ይውጣ ብሎ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል ሁሉም ይገለብጡታል። ማኅሌት ቆማችሁ ካያችሁ ይገባችኋል፣ ካህናቱ መቋሚያውን ሲያነሱ አንድ ላይ፣ ሲያዘነብሉ አንድ ላይ፣ መሪጌታው ግን አይጮህም፣ ትንሽ ምልክት ናት። ሁለት ሰው አንድ ኖታ ማስቀመጫ ይጋራል፣ በውስጥ በኩል ያለው ነው ገጹን የሚገልጠው፣ ያን ሰከንድ እሱ ዝም ይላል ጓደኛው ይቀጥላል።

ከመጀመራቸው በፊት ኦቦው «ላ» የምትባለዋን ድምፅ ይሰጣል፣ አንድ ረጅም ድምፅ፣ ሁሉም በሱ ይቃኛል። ክራር የምትመቱ ታውቁታላችሁ፣ መቃኘት ከመጫወት አይተናነስም።

አንድ ነገር በመሃል ልበል። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አግኝተው፣ ከጭፍጨፋ የተረፉ፣ ወደ አዲስ አበባ አመጧቸውና ናስ መሳሪያ የሚጫወት የመንግስት ባንድ ሆኑ፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፣ የመጀመሪያውን ብሄራዊ መዝሙራችንን ዜማ የሰራ። ከዛ የክቡር ዘበኛ መጣ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሰራዊት፣ ቴአትር ቤቶች። ትልቅ ታሪክ ነው እኮራበታለሁ። ግን አስተውሉ፣ ሁሉም ከላይ ነው የተሰጠን፣ ቤተ መንግስት ሰጠን፣ መንግስት ሲቀየር ባንዱም ይቀየራል ወይ ይፈርሳል። እኛ እድር እንችላለን፣ እቁብ እንችላለን፣ ጽዋ ማህበር ለትውልድ እናቆያለን፣ ይሄን ችሎታ ግን ወደ ሙዚቃ አላመጣነውም። የኛ 11 ሰው ቡድን እቁብ ቢሆን ኖሮ ቫዮሊን በየተራ ገዝተን ነበር እስካሁን።

ገንዘቡን ከየት ያመጣሉ የሚል ጥያቄም ተነስቷል። ከራትል ጋር አብሮ በ2002 ፋውንዴሽን ሆነዋል፣ የበርሊን ከተማም ፌደራል መንግስትም ያግዛል፣ ቲኬት አለ፣ ስፖንሰር አለ፣ ኮንሰርቱን በኢንተርኔት ለዓለም ማሳየት ከጀመሩ ከ15 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ራትል ደግሞ ትምህርት ፕሮግራም ጀመረ፣ በ2003 ከ25 አገር የመጡ 250 የበርሊን ትምህርት ቤት ልጆች፣ አብዛኞቹ ክላሲክ ሰምተው የማያውቁ፣ ትሬፕቶ ባለው ትልቅ አዳራሽ የስትራቪንስኪን ሙዚቃ ከኦርኬስትራው ጋር ጨፈሩት። እንደናንተ ልጆች ያሉ ልጆች ናቸው፣ ኖይኮልን ቬዲንግ የሚያድጉ። በሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደግሞ ፎየሩ፣ ማለትም ከአዳራሹ በፊት ያለው መግቢያ፣ ውስጥ ነጻ ኮንሰርት አለ፣ ወለሉ ላይ መቀመጥ ይቻላል፣ ህጻን ይዞ መግባት ይቻላል፣ ቀደም ብሎ መሄድ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንዲት 13 ዓመት ልጅ ነው የመጣው፣ ቫዮሊን ትማራለች፣ እናቷ ከጎኗ ነበረች። እኔ እዛ መግባት እችላለሁ ወይ አለችኝ። ያልኳትን ልጻፈው። ልጄ፣ ዘመድ አይጠየቅም፣ ፓስፖርት አይጠየቅም፣ ወደ 30 ከሚሆን አገር የመጡ ሰዎች ናቸው ያሉት። ቦታ ሲከፈት ከመላው ዓለም ይመጣሉ። ትልቁ አዳራሽ መድረክ ላይ ብቻሽን ትቆሚያለሽ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ዳኞች ራሳቸው ሙዚቀኞቹ ናቸው፣ የከበሮ ተጫዋቹም የሆርን ተጫዋቹም፣ ሁሉም አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። የሞዛርት ኮንቼርቶ ትጫወቻለሽ፣ ከዛ ከኦርኬስትራ ኖታ አስቸጋሪ አስቸጋሪውን። ከወደዱሽ ለሙከራ ትገቢያለሽ፣ እስከ 2 ዓመት ድረስ አብረሻቸው ትጫወቻለሽ፣ ከዛ እንደገና ይሰበሰባሉ፣ ከሶስት ሁለቱ እጅ ማውጣት አለበት። ያን ቀን አንቺ ውጭ ኮሪደር ላይ ቫዮሊንሽን ይዘሽ ትጠብቂያለሽ፣ በሩ ሲከፈት ወጥቶ የሚነግርሽ አለቃ አይደለም፣ 2 ዓመት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጦ ኖታ የገለጠልሽ ሰው ነው።